ሰፊ ቤት፣ ረጅም መንገድ

የቤት ኪራይ ነገር ሲነሣ ከእኛ ከከተማ እናቶች መካከል ዝም የምትል የለችም። አንዷ አከራይዋ በውሃ ምክንያት የተናገሯትን ታወራለች፤ ሌላዋ ልጇ ግቢ ውስጥ እንዳይሮጥ፣ ድምፁም ከፍ እንዳይል ስታባብል መዋሏን ትናገራለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «እስከ መቼ ተጨናንቀን እንኖራለን? ራቅ ብለን ብንወጣ ከዚህ ባነሰ ገንዘብ ሁለት መኝታ ቤት እናገኝ የለም ወይ?» ትላለች። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓመት ሦስተኛዋ ሴት እኔው ራሴ ስለ ነበርኩ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላወያያችሁ የወደድኩት ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

እኛ የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ ነው። ቤታችን አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ ሳሎን ያላት ስትሆን ኪራይዋ በወር 19,000 ብር ነው። ልጆቻችን ሁለት ናቸው፤ ትልቋ 7 ዓመቷ፣ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። ትልቋ የምትተኛው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነው፤ እንግዳ የመጣ ዕለት እንግዳው እስኪሄድ እያዛጋች ትጠብቃለች። የቤት ሥራዋን የምትሠራውም እኔ ሽንኩርት በምከትፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ቀን «ደብተርሽ ወጥ ወጥ ይላል» ብላ ጓደኛዋ እንደ ሳቀችባት ስትነግረኝ አብሬያት ብስቅም፣ ማታ ግን አንጀቴን በላው።

ባለቤቴም ይህን እያየ ዝም አላለም። ደላላ አነጋግሮ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለሁለት መኝታ፣ ሰገነት ያለው ቤት በ12,000 ብር አገኘ። «በወር 7,000 ብር ይተርፈናል። በዓመት 84,000 ብር እኮ ነው!» አለኝ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ተነሥቶ ነበር። መጋረጃውን ሁሉ በሐሳቤ ሰቅዬዋለሁ።

ሆኖም ቤቱ ለምን ረከሰ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ ሲጀመሩ ከከተማው እምብርት ብዙም አልራቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰፊ መሬት የተገኘው በዳር በዳር ስለሆነ ግንባታው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬና ወደ ቦሌ አራብሳ ወጣ። ቤቱ ወደ ዳር ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አብሮት አልወጣም። ብዙዎቹ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የባንኮች ዋና ዋና ቢሮዎች፣ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች፣ መርካቶም ጭምር በነበሩበት አሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ቱሉ ዲምቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ኪራዩን የሚቀንስልን ለደግነቱ አይደለም። የቀነሰውን እኛው በመንገድ ላይ ስለምንከፍለው ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ለማመዛዘን ዕድል ያላገኙ ብዙ እህቶች አሉ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ በልማት ምክንያት የተነሡ ቤተሰቦች ርቀቱን የመረጡት ወደው አልነበረም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳትም ብትሆን ዕጣዋ በወጣበት ሠፈር ትገባለች እንጂ «ቀረብ ያለውን ስጡኝ» አትልም። የዛሬው ጨዋታዬ ግን እንደ እኛ ተከራይተው ለሚኖሩና ልግባ ወይስ ልተው እያሉ ለሚያስቡት ነው።

ከመወሰናችን በፊት መንገዱን በእግሬ ማየት አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቱሉ ዲምቱ ትኖራለችና እሑድ ማታ እሷ ዘንድ አድሬ ሰኞ አብሬያት ወደ ሥራ እንድገባ፣ ማታም አብሬያት እንድመለስ ተስማማን። ልጆቹን ለባለቤቴ ትቼ ሄድኩ። እሱም «አንድ ሌሊት ምን አለው?» ብሎ ሸኘኝ።

የባልደረባዬ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሜዳውና ሰማዩ ይታያል፤ አየሩ ንጹሕ ነው። የ9 ዓመት ልጇ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠረጴዛ አለው። ቀናሁ፣ አልዋሽም። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን የወጥ ቤቱ መብራት ሲበራ ነቃሁ። እሷ ተነሥታ የልጇን ምሳ ዕቃ ትሞላለች፤ ውሃ የሚመጣው በተወሰኑ ቀኖች በመሆኑ በባልዲ የተጠራቀመውን እየቀዳች ዕቃ ታጥባለች፤ የ8 ወር ሕፃኗን አጥብታ፣ ለቀኑ የሚሆነውን ወተት ደግሞ አልባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጣለች። «መብራት የጠፋ ቀን ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ወተት ላይ ነው» አለችኝ።

በ12 ሰዓት ከቤት ወጣን። የታክሲው ሰልፍ በዚያ ሰዓት ረዝሟል። ከሰልፈኞቹ መካከል የደንብ ልብስ የለበሱ፣ ቦርሳቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሕፃናት ነበሩ፤ መሐል ከተማ ያለውን የድሮ ትምህርት ቤታቸውን ያልለቀቁ ናቸው። አንደኛዋ ልጅ ቆማ እናቷ ቀሚስ ላይ ተደግፋ ተኝታለች። በአንድ ታክሲ እስከ ሳሪስ፣ በሌላ እስከ ስታዲየም፣ በሦስተኛው እስከ አራት ኪሎ ሄደን፣ መሥሪያ ቤት ስንደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ5 ሆነ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ወጥተን በሯን ስንከፍት ደግሞ 1 ሰዓት ከ40 አልፎ ነበር። ሕፃኑ ተኝቷል። ባልደረባዬ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እዚህ ላይ ምንም አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ። በመሐል ያለውን ሦስት ወር የምትሞላው እንግዲህ እናቲቱ ናት። ባልደረባዬ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ቤቷ ለመሥሪያ ቤታችን ቅርብ ስለ ነበር በምሳ ሰዓት እየሄደች ታጠባ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ሁለተኛውን ግን ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር በቀን ብርሃን አጥብታው አታውቅም።

ማክሰኞ ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። አሁን ሁለታችን በቀን ለታክሲ 60 ብር እናወጣለን፤ በ22 የሥራ ቀን 1,320 ብር ነው። ከቱሉ ዲምቱ ለሁለታችን በቀን 200 ብር ቢሆን በወር 4,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 3,080 ብር። ትልቋን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉልን ጎረቤታችን የሆኑ እናት ናቸው፤ ገንዘብ ቢሰጧቸው ይቀየማሉ፣ በዓል ሲመጣ ብቻ እንደ ልጃቸው እንጠይቃቸዋለን። እሳቸውን ጠቅልለን አንሄድምና በአዲሱ ሠፈር ልጅ ለሚቀበልልን ሰው 1,500 ብር ያዝን። እንግዲህ ከ7,000 ብሩ ይህ ሁሉ ሲቀነስ የሚተርፈው 2,420 ብር ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ባለቤቴ አልተናገረም። ቀጥዬ ሰዓቱን ጻፍኩ። ዛሬ እያንዳንዳችን በደርሶ መልስ አንድ ሰዓት በመንገድ ላይ እናጠፋለን። ከቱሉ ዲምቱ አራት ሰዓት ነው። ጭማሪው በቀን ሦስት ሰዓት፣ በወር 66 ሰዓት ይሆናል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ብናካፍለው ከስምንት የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው፤ ያለ ደመወዝ። ለሁለታችን 132 ሰዓት ሆነ። 2,420 ብሩን ለ132 ብናካፍል አንዱ ሰዓት 18 ብር ከ33 ሳንቲም ያወጣል። እኛ መሥሪያ ቤት በር ላይ አንድ ስኒ የጀበና ቡና በዚህ ዋጋ አይገኝም። የትንሹን ልጅ ሰዓት ደግሞ ከነጭራሹ አልቆጠርኩትም። እሱን ጠዋት ይዤ ወጥቼ መሥሪያ ቤታችን ባለው የሕፃናት ማቆያ ስለማውለው፣ የእኔ መንገድ የእሱም መንገድ ነው፤ በሦስት ታክሲ፣ ጭኔ ላይ።

«መቼም አብረን ነው የምንሄደው፣ ድካሙም የሁለታችን ነው» ሊል እንደሚችል ገምቼ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። የአብዛኛው አባወራ መንገድ ከቤቱ በር ላይ ያበቃልና፤ የእኛ ግን በሩን አልፎ እስከ ምድጃው፣ እስከ ልብስ ማጠቢያው፣ እስከ ቤት ሥራው ይቀጥላል። ማታ 1 ሰዓት ከ40 ላይ የደረሰች እናት ራት አቅርባ፣ ልጅ አጥባ፣ ለነገ አሰናድታ ስትጨርስ ስንት ሰዓት ይሆናል? ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል የምትነሣውስ በየትኛው እንቅልፍ ነው? ይህን ሁሉ ልለው ስል እሱ ቀደመኝ። ለካ ሰኞ ጠዋት የትንሹ ልጅ ጫማ አንዱ ጠፍቶበት ግማሽ ሰዓት ሲፈልግ፣ ትልቋ ቁርስ አልበላም ስትል፣ ሥራ አርፍዶ ገብቷል። ማታም ሩዝ አሳርሮ ከጎረቤታችን እናት እንጀራ ተቀብሎ ነው ልጆቹን ያበላው። «በቅርብ ሆኜ እንዲህ ከሆንኩ ከሩቅ ምን ልሆን ነው?» አለ። እኔም ያዘጋጀሁትን መልስ ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኩት፤ መቼም አይጠፋለትም።

ይሁንና በርቀት መኖር ሁልጊዜ ኪሣራ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ባልደረባዬን «ትጸጸቻለሽ ወይ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ቤቱ የራሴ ነው» አለችኝ። «የምከፍለው የባንክ ዕዳ ነው፤ ያልቃል። ያንቺ ኪራይ አያልቅም።» ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የራስ ቤት ሲሆን የመንገዱ ድካም ለልጅ የሚተርፍ ነገር ይገዛል፤ በኪራይ ሲሆን ግን ድካሙ የሚገዛው የወሩን ስፋት ብቻ ነው። ከባልና ከሚስት የአንዳቸው መሥሪያ ቤት ቃሊቲ ወይም አቃቂ ከሆነም ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ያኔ ቅርብ የሆነው ወላጅ ማታ ቀድሞ ገብቶ ምድጃ ሊለኩስ ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛ ሆና በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ የምትመላለስ እህትም የታክሲውን ወጪ ልትሰርዘው ትችላለች፤ ሰዓቱን ግን አትሰርዘውም። ልጆቹ ያደጉላትና በራሳቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱላት እናት ደግሞ የእኔ 66 ሰዓት እንደ እኔ አይከብዳት ይሆናል።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ቤቱን በእሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አይታችሁ አትስማሙ። እሑድ መንገዱ ባዶ ነው፤ ደላላም የሚወስዳችሁ በዚያ ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ቢቻል ዝናብ በሚጥልበት ዕለት ሂዱበት። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ላይኛው ፎቅ ድረስ መውጣት አለመውጣቱን ከአከራዩ ሳይሆን ከደረጃው ላይ ከምታገኟት ባልዲ ከያዘች ሴት ጠይቁ። ልጅ ቀን ላይ ቢታመም በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚደርስለት ሰው ማን እንደሆነ በስም መጥራት ካልቻላችሁ አትቸኩሉ፤ እኔ ስጠየቅ መጥራት አልቻልኩም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት ባላነሰ ጊዜ እንዲደረግና ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ ይደነግጋል። «የስድስት ወር ካልከፈላችሁ» የሚል ቢመጣ ይህን አስታውሱት። የለቀቃችሁት ቤት ደግሞ ወዲያው ሌላ ሰው እንደሚገባበት አትርሱ፤ ከሦስት ወር በኋላ መንገዱ አንገሽግሿችሁ ብትመለሱ የድሮው ዋጋ አይጠብቃችሁም።

ባለቤቴ ረቡዕ ዕለት ደላላውን ደውሎ አሰናበተው። ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ባለንበት እንቆያለን፤ ያኔ ወረቀቱን እንደገና እናወጣዋለን። ቅዳሜ አናጢ መጥቶ መኝታ ቤቱን ለካ፤ ለሁለቱ ልጆች ተደራራቢ አልጋ ከግድግዳው ጋር እያያዘ ሊሠራልን ነው። እኔና ባለቤቴ ወደ ሳሎኑ እንወጣለን። ትልቋ ላይኛውን አልጋ ከአሁኑ ይዛለች፤ ደብተሯን የምታስቀምጥበት መደርደሪያም ከራስጌዋ እንዲሠራላት አናጢውን ራሷ ለምናዋለች።