«ለማስታወሻ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ዕድሜ ጠገብ ቤት ሲገቡ፣ ግድግዳው ላይ በአንድ መስታወት ሥር የተደረደሩ ትናንሽ ፎቶዎች ያያሉ። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ። አንዳንዱ ቤት ግን ልጆችን ግራ የሚያጋባ ፎቶ አለ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ሰዎች ማዶው በማይታይ ውኃ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። «ጣና ነው?» ይላሉ ልጆቹ። ጣና አይደለም፤ ምጽዋ ነው።

ከዚህ አካባቢ በውትድርና፣ በመምህርነትና በሌላም የመንግሥት ሥራ ኤርትራ የኖሩ ብዙዎች ናቸው። ከአስመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ባሕሩ ዳር ያበቃል። በእረፍት ቀን ወደ ጉርጉሱም አሸዋ መውረድ በጉና ብርድ ላደገ ሰው ትልቅ ነገር ነበር። ፎቶ ሳይነሡ መመለስማ አይታሰብም።

የካቲት 1982 ምጽዋ በጦርነት ከመንግሥት እጅ ወጣች። በ1985 ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ራሷን የቻለች አገር ሆነች። በ1990 የተነሣው የድንበር ጦርነት ደግሞ መንገዱንም ስልኩንም ዘጋው፤ የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ የተከፈተው ሐምሌ 2010 ነው። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ለብዙ ቤተሰብ ከማዶ ካለው ዘመድና ጎረቤት የቀረው ፎቶ ብቻ ነበር።

እኛ ቤት ያለውን ገልብጬ አየሁት። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ለማስታወሻ» ይላል፤ ማንን እንደምናስታውስ ግን አይልም። አጎቴን አወቅሁ፤ አጠገባቸው የቆሙትን ሁለት ልጆች ማንም አላወቃቸውም። ምሳ መብላታቸውን የሚረሱት አክስቴ ፎቶውን ሲያዩ የሁለቱንም ስም ከነእናታቸው ጠሩ፤ አስመራ ግቢ ይጋሩ የነበሩ የጎረቤት ልጆች ናቸው።

ይህ ተአምር አይደለም። መርሳት የጀመራቸው አረጋውያን ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚያጡት የቅርቡን ነው፤ የሩቁ ቆይቶ ይሄዳል። ይሄዳል ግን። ስለዚህ ዛሬ ይጠይቁ። አጠያየቁም ወግ አለው፤ «ይህን አላወቁትም?» ብሎ መፈተን ያሳፍራቸዋል። «ያን ቀን እስቲ ያጫውቱኝ» ይበሉ። በፎቶው ካሉት ያልተመለሰ ሊኖር ይችላል። ካለቀሱ ዝም ብለው እጃቸውን ይያዙ፤ ወሬ ለመለወጥ አይቸኩሉ።

ፎቶውም እንደ ሰው እንክብካቤ ይሻል። ከጭስ፣ ከርጥበትና ከፀሐይ ያርቁት። በፕላስተር አይለጥፉት። ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ አይላጡት፤ እንዳለ በስልክ ያንሡት። የቀለም ፎቶዎች ከጥቁርና ነጩ ቀድመው ስለሚደበዝዙ ከእነሱ ይጀምሩ። ከጀርባው የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ያንንም ያንሡ፤ ከተማውን ይነግራል።

ለመጻፍ እርሳስ ይበቃል፤ እስክሪብቶ ተጭኖ ፊቱን ያበላሻል። ጠርዙ ላይ በቀስታ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ማን፣ የት፣ መቼ። ዓመቱ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ስሙ ግን አይቅር።