ለአቃቂ ወንዝ፦ ደንገል ወይስ ማጣሪያ ጣቢያ?

ደንገሉ ይተከል

አክስቴ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ ታመርታለች። ውኃውን በሞተር ስትስብ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የሚገዛት የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ከቤቱ የለቀቀውን ፍሳሽ መልሶ በመሶብ ይቀበለዋል ማለት ነው። ይህን ነውር ለማስቆም እስከ መቼ የውጭ ብድር እንጠብቅ?

ዘዴው እኮ ቀላል ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ ኩሬ ውስጥ ይረጋል፤ ደለሉ ከታች ይቀራል። ከዚያ ጠጠር ተሞልቶ ፊላና ደንገል በተተከለበት፣ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ቀስ እያለ ያልፋል። ጠጠሩና ሥሩ ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። መብራት ቢጠፋ ሥራቸውን አያቆሙም፤ መለዋወጫ በዶላር አይገዛላቸውም። ለኮንዶሚኒየም መንደሮች የተተከሉት ባለ ሜምብሬን ማጣሪያዎች ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማሉ። መብራታችን ደግሞ እንደምናውቀው ነው።

የሕንዷ ኮልካታ ፍሳሿን ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወዳለው 12,500 ሄክታር ረግረግ ትልካለች። ፀሐይ፣ አልጌና ባክቴሪያ ያጠሩታል፤ ዓሣ ይረባበታል፣ ሩዝ ይጠጣበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በራምሳር የረግረግ መሬቶች ስምምነት ተመዝግቧል። ድህነት ያመጣው ነው ለሚሉኝ፣ የካሊፎርኒያዋ አርኬታ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ፍሳሿን በረግረግ ታጣራለች፤ ሰው እዚያ የሚሄደው ወፍ ሊያይ ነው። አክስቴ ወፍ አላማራትም፤ የማይገማ ውኃ ይበቃታል።

ሒሳቡ አይፈቅድም

አርኬታ ሃያ ሺህ ሰው የማይሞላባት ከተማ ናት። አዲስ አበባ በሚሊዮኖች ትቆጠራለች። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ግን በቁጥር ላስረዳ።

ተፈጥሮን ሞክረነዋል። የቀድሞው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኩሬዎች ነበሩ፤ በፀሐይና በባክቴሪያ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ እንዲያጣሩ የተሠሩ። ከተማዋ ጥላቸው ሄደች። ዛሬ በቦታቸው ያለው ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲቀበል ተደርጎ ተገንብቷል። ይህንኑ ፍሳሽ በደንገል እናጣራ እንበል። ውኃው ጠጠሩ ውስጥ 4 ቀን መቆየት አለበት፤ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት 40 በመቶ ይሁን። 167 ሄክታር ያህል ይፈልጋል። ይህም ማረጋጊያ ኩሬውንና መንገዱን ሳይጨምር፣ የከተማዋን ፍሳሽም በሙሉ ሳይሸፍን ነው።

ባክቴሪያ ከተባለም ቃሊቲ ሞልቷል። ፍሳሹ አየር በማይገባበት ጋን ውስጥ ይብላላል፤ ቀጥሎ ከፍ ብሎ በተደረደረ ሙሌት ላይ ይንጠባጠባል፤ ሙሌቱ ላይ ያደጉት ባክቴሪያዎች ያጸዱታል። የደንገሉም ሥራ ይኸው ነው፤ እኛ መሐንዲሶች ወደ ላይ ቆለልነው፣ ደንገሉ ይተከል የሚሉት መሬት ላይ ያነጥፉታል።

የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየምስ? ክሮሚየምን የሚበላ ባክቴሪያ የለም። ጠጠሩና ጭቃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንድ ቀን ያንን ጭቃ ማን የት እንደሚደፋው ይነገረን። ደንገል ለሎጅ ያምራል፤ ዋና ከተማ አያጥብም።

ለሎጅ ያምራል?

የአክስቴን ጎመን የሚበሉት ሎጅ የሚያድሩ አይደሉም! ይህን ንቀት ነው የማልታገሠው። 167 ሄክታር በዛ አሉ። ለሪል እስቴት መሬት ሲታደል ካልኩሌተር ያወጣ መሐንዲስ አላየሁም። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር ሊዋብ ነው ሲባልም መሬት ጠበበን ያለ አልነበረም። አበባ ለማየት የተገኘ መሬት ሰው እንዳይታመም ሲሆን ይጠፋል? ጣቢያው ቃሊቲ ተገንብቶም ወንዙ ዛሬ ይገማል። ሒሳብዎ ልክ ከሆነ ሽታው ከየት መጣ?

ካልኩሌተሬን አልደብቅም

ሽታው የመጣው ጣቢያው ከማይደርሰው ፍሳሽ ነው፤ ከቤት ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ ከሚለቀቀው። መስመር ያልተዘረጋለት ሰፈር ፍሳሽ ደንገሉም ዘንድ አይደርስም።

መሬት ሲታደል ዝም ብላችኋል የሚሉት ግን አናደደኝ። ካልኩሌተሬን ያወጣሁት ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለአክስትዎ ስል ነው። ያለ ፓምፕ ይሥራ ካልን ፍሳሹ በራሱ ቁልቁለት ወርዶ የሚደርስበት ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል። ያ ሜዳ ከከተማዋ በታች፣ አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ጎመንና ቆስጣ የሚመረትበት ማሳ ነው። ደንገሉን ከመትከልዎ በፊት አክስትዎን ይጠይቁልኝ።