ስልክ ለማስገናኘት የምንከፍለው ገንዘብ ይብቃን!



ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ መጻፋችን ይታወሳል። ዛሬ ቦዩን ለጊዜው አቆይተን ስለ ሞባይል ስልክ እንጽፋለን። ምክንያቱም በማኅበሩ አዳራሽ ያስገባነው ዋይፋይ እንዲቆረጥ 11 አባላት የፈረሙበት አቤቱታ ለጽሕፈት ቤታችን ቀርቧል። አቤቱታውን በክብር ተቀብለናል። አንስማማበትም። የማንስማማበትንም ምክንያት ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

አቤቱታው ባጭሩ የሚለው፣ ዋይፋዩን የሚጠቀሙት ጎረምሶች ብቻ ናቸው፣ እኛ ትልልቆቹ መዋጮ እንከፍላለን እንጂ ስልካችን ላይ አይገባልንም፣ ስለዚህ ገንዘቡ ለድንኳን መግዣ ይዋል ነው።

ጥሩ። ስልካችሁ ላይ ለምንድነው የማይገባው? ከ11ዱ ፈራሚዎች ይህንን የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ስላልገባልን ለሁሉም ይቆረጥ ነው የተባለው። ምነው እናንተ ሰዎች?

የዛሬ ሁለት ወር ግድም የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንጀራ ሸጠው የሚተዳደሩ አንዲት እናታችን ልጃቸው ከቤሩት የምትደውልላቸው በኢንተርኔት ነው። አንድ ቀን ኢንተርኔቱ እምቢ አለ። በግቢያቸው ያሉትን ወጣቶች ቢጠይቁ «ኧረ እማማ፣ ይሄ ለእርስዎ አይገባዎትም» ተባሉ። ቢቸግራቸው ስልክ አስተካክላለሁ ለሚል ሰው ሰጡት። 150 ብር ተቀበላቸው። የሠራው ሥራ ምንድነው? ሞባይል ዳታ የምትባለዋን ምልክት በጣቱ ነክቶ አበራት። በቃ! በሌላ ቀን ደግሞ ተመልሰው ሲሄዱ «አፕዴት ላድርግልዎት» ብሎ የሞባይል ገንዘባቸውን ሚስጥር ቁጥር ጠየቃቸው። ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ለዕቁብ ያስቀመጡት 4,200 ብር የለም። ሰውየውም ሰፈሩን ለቆ ሄዷል። ነገሩ ለፖሊስ ቢቀርብም ብሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እኛ በዚህ ጉዳይ የምንቆጣው በሌባው ብቻ አይደለም። «አይገባዎትም» ባሉት ልጆችም ነው። የማይገባ ነገር ነው ወይ? እስቲ እንየው።

ስልክ ሲበራ መጀመሪያ የሚያደርገው ማዳመጥ ነው። በየኮረብታውና በየፎቁ ላይ የቆመው አንቴና ስሙን ያለማቋረጥ ይጠራል። ስልኩ ደህና የሚሰማውን ይመርጥና የሲም ካርዱን ቁጥር ያቀርባል። ይህ ቁጥር የምንደውልበት አይደለም። ሲሙ ውስጥ ያለ 15 አሃዝ ነው፣ የሀገራችንም በ636 ይጀምራል። ኔትወርኩ ግን ቁጥር ሰምቶ ብቻ አያምንም። እንቆቅልሽ ይለዋል። ሲሙም ሀገር ስጠኝ ሳይባል በውስጡ በተደበቀው ቁልፍ መልሱን አስልቶ ይመልሳል። መልሱ ከተስማማ ስልካችን ተመዘገበ ማለት ነው፣ መስመሮቹም ከላይ ብቅ ይላሉ። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ቡና እስኪቀዳ ባልሞላ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መስመሮቹ ሙሉ ናቸው፣ ስልኩ ይደውላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ስልኬ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። አልተበላሸም! ለመደወል የሚከፈተው በርና ለኢንተርኔት የሚከፈተው በር የተለያየ ነው። ለኢንተርኔቱ ሞባይል ዳታ መብራት አለበት። ኤ.ፒ.ኤን. የሚባለው የመግቢያ ስምም በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ በትክክል መጻፍ አለበት። ስልክ የቀየረ ወይም ሲም ያወጣና የመለሰ ሰው ይህ ስም ሊጠፋበት ይችላል። ስሙን ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ 994 ደውሎ ይጠይቅ፣ የሌላውም ድርጅት ደንበኛ የራሱን ድርጅት ይጠይቅ። ለዚህ ለማንም 150 ብር አይከፈልም።

ከዚያ በፊት ግን የአውሮፕላኗን ምልክት ነክታችሁ አሥር ያህል ቁጠሩና መልሳችሁ አጥፏት። ስልኩ ከአንቴናው ጋር እንደ አዲስ ይተዋወቃል። ከጥገና ቤት ደጃፍ ከሚመላለሱት ስልኮች ስንቱ በዚህ ብቻ ይድን ነበር።

በአዲስ አበባ ሞባይል ከገባ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ፣ 4ጂ ከገባ ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የድሮ ሲም ወይም የድሮ ስልክ 4ጂ ላይቀበል ይችላል፣ ያኔ ጥፋቱ የባለቤቱ አይደለም። ዳታው ክፍት ሆኖ ጥቅሉ ካለቀ ግን ከዋናው ሂሳብ ሊቆርጥ ይችላል። «ካርድ ሞልቼ ሳልደውልበት ተበላ» የምትሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ኮከብ 804 መሰላል ብላችሁ ሂሳባችሁን እዩ።

ታዲያ የአዳራሹ ዋይፋይ ጥቅሙ ምንድነው? ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ የራሱን ጥቅል አይበላም። ያቺ እናታችን በአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ከልጃቸው ጋር ሳንቲም ሳያወጡ መነጋገር ይችሉ ነበር። ያሳያቸው ሰው ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት አንደብቅም። ሳጥኑን ሌባ እንዳይወስደው ብለን የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት። ብረት ሞገዱን እንደሚያፍን አልገባንም ነበር! ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት አባቶች «አይስብም» ሲሉን ስልክዎት አርጅቶ ነው እያልን መለስናቸው። አሁን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሳጥኑ ከቁምሳጥኑ ወጥቶ ከግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይረጫል። 2.4 የሚባለው ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል፣ 5 የሚባለው ይፈጥናል እንጂ ግድግዳ ይከብደዋል፣ አንዳንድ የቆየ ስልክም ጭራሽ አያየውም። ስለዚህ የቆየ ስልክ ያላችሁ የመጀመሪያውን ምረጡ።

ሁለተኛው ጥፋታችን የይለፍ ቃሉን በር ላይ መለጠፋችን ነው። መንገደኛው ሁሉ ገባበት፣ ማታ ማታ ፊልም የሚያወርደው በዛ፣ ለአባላቱ አልደረሰም። አቤቱታ አቅራቢዎቹ በዚህ እውነት አላቸው። የይለፍ ቃሉ ስለተቀየረ ስልካችሁ የድሮውን ይዞ ግግም ካለ «እርሳው» የሚለውን ነክታችሁ አዲሱን አስገቡ። ተገናኝቷል እያለ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ስልካችሁ ከሳጥኑ ጋር ተገናኝቷል፣ ሳጥኑ ግን ከውጭ ያለው መስመር ተቋርጦበታል ማለት ነውና ለእኛ ንገሩን እንጂ ስልካችሁን አታስፈቱ።

ድንኳን ያስፈልገናል፣ ማንም አልካደም። ግን ለድንኳኑ ብሎ የሚቆረጠው የአንድ ወር የዋይፋይ ክፍያ የድንኳኑን እግር እንኳ አይገዛም። ሒሳቡ በጽሕፈት ቤቱ አለ፣ ያልተዋጠለት መጥቶ መዝገቡን ይመልከት። ጎረምሶቹን ለመቅጣት ብለን አሮጊቶቹን ወደ አጭበርባሪ ደጅ እንመልሳለን ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

አቤቱታው በመጪው እሁድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ዋይፋዩ እንዲቀጥል፣ ፊልም ማውረድ እንዲከለከል፣ እያንዳንዱም ወጣት አባል ቅዳሜ ከሰዓት በየተራ አዳራሽ ተገኝቶ ሁለት ሁለት ትልልቅ ሰው እንዲያስተምር ነው። ለእነዚያ «አይገባዎትም» ላሉት የመጀመሪያውን ተራ ሰጥተናቸዋል፣ ስማቸውን ያውቁታል።

ለስብሰባው ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን። የሞባይል ገንዘብ ሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ለሚያስተምራችሁ ልጅም፣ ለእኛም ቢሆን፣ እንዳትናገሩ። አዲሱ የይለፍ ቃል በር ላይ አይለጠፍም፤ የመዋጮ ደብተሩን ይዞ ለመጣ አባል በጆሮው ይነገረዋል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጸሐፊው