የኮምፒዩተር አጋፋሪ

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ አንዱ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ብሌንደር የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም በጓደኛዬ ኮምፒዩተር ይሠራል፤ በአጎቴ ኮምፒዩተር ግን አልከፈትም ይላል። ሁለቱም ዊንዶውስ አይደሉምን?» ሲል ጠየቀኝ። ደወሉ ስላቋረጠን መልሱን ወደዚህ ገጽ አመጣሁት።

መቼም ጉዳይ ያለው ሰው ዘው ብሎ ከባለሥልጣን ፊት አይቀርብም፤ አጋፋሪ አለ፤ ማመልከቻውም በታወቀው ደንብ መጻፍ አለበት። የሥዕል ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ሥዕሉን አስልቶ የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ሲሆን በሩን የሚጠብቀው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። «ይህን ሦስት ማዕዘን ሣል፤ ይህን ቀለም ቀባው» የሚለው ትእዛዝ የሚጻፍበት ደንብ ኤፒአይ ይባላል፤ ትእዛዙን ካርዱ ወደሚያውቀው ቋንቋ የሚመልሰው አስተርጓሚ ደግሞ ድራይቨር ነው።

ችግሩ ባለ በሩ ሁሉ የየራሱን ደንብ መውደዱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ሲሊከን ግራፊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች እንዲሠራ አስቦ ኦፕንጂኤልን አወጣ። ማይክሮሶፍት በ1995 ዳይሬክትኤክስን ለዊንዶውስ፣ አፕልም በ2014 ሜታልን ለራሱ መሣሪያዎች አወጡ። በ2018 አፕል ኦፕንጂኤልን ጊዜ ያለፈበት ነው አለው። ብሌንደር በነፃ የሚታደል ፕሮግራም ነው፤ የቆመውም በኦፕንጂኤል ላይ ነበርና፣ ለማክ ኮምፒዩተር የሥዕል ማሳያውን በሜታል እንደ ገና መጻፍ ሆነበት፤ ሥራው በ2023 በወጣው 3.5 እትም ታየ። እርግጥ የአፕል መሐንዲሶች አግዘዋል፤ ፍጥነቱም ጨምሯል። ይሁን እንጂ ስንት አዲስ ነገር ሊሠራበት ይችል የነበረ ድካም በር ለመለወጥ ዋለ!

የሊኑክስ ሰዎች ብልሃት ግን ያስቀኛል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2018 ፕሮቶንን አወጣ፤ በውስጡም ለዳይሬክትኤክስ የተጻፈውን ትእዛዝ እየተቀበለ፣ ቩልካን ወደተባለው ለሁሉ ክፍት የሆነ ደንብ የሚተረጉም ፕሮግራም አለ። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ድረስ በዊንዶውስ ቤት ያለ ይመስለዋል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ኮምፒዩተሩን አስመጥቼ አየሁት። ካርዱ አሮጌ ነው፤ ድራይቨሩ የሚያውቀው ኦፕንጂኤልን እስከ 3.3 ድረስ ሲሆን፣ ብሌንደር ከ4.0 እትሙ ጀምሮ 4.3 ይጠይቃል። አዲስ ካርድ ለመግዛት ገንዘብ የለም። «አይዞህ፣ 3.6 የተባለው የቀድሞ እትም በዚህ ይበቃዋል» አልሁት፤ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ አብረን እንጭነዋለን።