ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወተቱ

በአንጋጫ ገጠር ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያ አደጋው ረሃብ ነው። አየር በአፍንጫው ስለሚያመልጥ ጡት ስቦ መጥባት ያቅተዋል፤ እናቲቱ ወተቷ ያነሰ ይመስላታል፣ ጎረቤት ደግሞ «እርግማን ነው» ይላል! ነገሩ ግን በመጀመሪያዎቹ 3 የእርግዝና ወራት የፅንሱ ላንቃ ሳይገጥም መቅረቱ ነው።

አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል በስማይል ትሬይን ድጋፍ በነፃ ሲያክም ቆይቷል። ይሁንና ከንፈር የሚሰፋው ሕፃኑ 3 ወር አልፎት 5 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ነው፤ ላንቃ ደግሞ ዓመት ሲጠጋው። እስከዚያ ማን ያድርሰው? በእኔ አስተያየት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቲቱን ገና በአራስነቷ ሊያሳዩአት ይገባል፦ ወተቷን በንጹሕ ስኒ ታልባለች፣ ልጁን ቀና አድርጋ በማንኪያ በትንሽ በትንሹ ታጠጣዋለች፣ መሃል መሃል ታስገሳዋለች። የቡላ አጥሚት ከ6 ወር በኋላ ይደርሳል።