የትንሣኤው ቄጠማ የሚበቅልበት ምድር

በቅዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉንን ቄጠማ በራሳችን አስረን፥ በየቤታችንም ጐዝጕዘን የኖኅን ዘመን እናስባለን። ቄጠማው ከምን ዓይነት ምድር እንደሚታጨድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በሰከላ ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ምእመናን በጠበልነቱ ያውቁታል። ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ. ም. ባየው ጊዜ፥ በዙሪያው ያለው መስክ ሲረግጡት ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ጽፎአል። በ1763 ዓ. ም. የመጣው ጄምስ ብሩስም ምንጩን በረግረግ መካከል አገኘው። መስኩን የሚያንቀጠቅጠው፥ በሥሩ የተያያዘው ሣር ውኃ ባዘለው ጭቃ ላይ እንደ ምንጣፍ መዘርጋቱ ነው።

ውኃ የማይለየው አፈር አየር አያገኝም፤ አየር በሌለበትም የሞተ ቅጠልና ሥር ቶሎ አይበሰብስም። ስለዚህ ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ጥቁርና ልል አፈር ይሆናል፤ ክረምት የጠጣውንም ውኃ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። በዚህ ስፍራ የሚጸኑት እንደ ቄጠማ፥ እንደ ፊላና እንደ ደንገል ያሉት ናቸው፤ አገዳቸው ልል ስለ ሆነ አየሩን ከላይ ወደ ሥራቸው ያወርዳሉና። ጭቃውን በአካፋ ገልጦ ያየ ሰው፥ በግራጫው መካከል የሥሩን መንገድ ተከትሎ የሚወርድ ቀይ መስመር ያገኛል። ይህም በእውነት ዝገት ነው፤ ሥሩ ያመጣው አየር በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት አዝጎት ነው።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ማሳ የጠበበው ገበሬ ረግረጉን በቦይ ቢያጠነፍፍ፥ ወይም ባሕር ዛፍ ቢተክልበት ማን ይወቅሰዋል? ልጆች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹም ዓመታት አዝመራ ያምራል። ነገር ግን አየር የገባበት ጥቁር አፈር መበስበስ ይጀምራል፤ መሬቱ ዝቅ ይላል፥ በበጋም ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፉም የቀረውን እርጥበት ይመጥጠዋል። ቄጠማው ሲጠፋ ደረቅ መሬት የለመደ አረም ይተካል፤ ከታች ያለው ምንጭም ይሳሳል።

ቦዩን ደፍኖ ውኃውን መመለስ ይቻላል። ሥሩ ወይም ዘሩ በአቅራቢያ ካለ ቄጠማው በጥቂት ዓመታት ይመለስ ይሆናል፤ አፈሩ ግን የብዙ መቶ ዓመታት ክምችት ነውና የልጅ ልጆቻችንም አይደርሱበትም።

ለበዓሉ ቄጠማ የምታመጡ ቤተሰቦች ከሥሩ አትንቀሉት፤ በማጭድ ከላይ ብታጭዱት ያው ጉቶ ለከርሞ ያበቅላል። ከብቶችንም ቡቃያው እስኪጠና ድረስ ከስፍራው ማራቅ ይገባል፤ ርጥብ አፈር በኮቴ ሲረገጥ ይጠቀጠቃልና።