ጀግናውን ማን አበላው?

ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስንማር እኛን ተማሪዎችን ቶሎ የሚማርከን ጥሩር ለባሹ ፈረሰኛ ነው። የዚህን ናይት የሚባል ሰው ሰይፉንና ፈረሱን እናውቃለን፤ ቀለቡን ግን አንጠይቅም። ናይቱ የሚኖረው ለአገልግሎቱ በተሰጠው መሬት ላይ በሚያርሰው ገበሬ ድካም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1337 የጀመረው የመቶ ዓመቱ ጦርነት በፈረንሳይ ምድር ሲካሄድም የእንግሊዝ ጦር መንደር እያቃጠለ እህል እየዘረፈ ያልፍ ነበር። ግብርና ዘረፋ ያንገሸገሸው የፈረንሳይ ገበሬ በ1358 በመኳንንቱ ላይ ተነሣ፤ መኳንንቱም በጭካኔ ደመሰሱት።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ነውን? አይደለም። በዚያው አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጨዋ የተባሉትን ጭፍሮች በየጠረፉ አሰፈሩ፤ ጭፍራውንም የመገበው ባላገሩ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ ለማሳደር ሞከሩ። ዐፄ ምኒልክም በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ እንዳይቀለብ ሲሉ አሥራት አቆሙ። ነገሥታቱ ራሳቸው ችግሩን ያውቁት ነበርና እኛ ስለምን እንዘነጋዋለን?

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ እንመልከት። ንጉሡና ጭፍራቸው በተራራው ላይ ሲሰፍሩ የማገዶ እንጨት ተመናመነ። ከተማው ወደ ፍልውሃ ከወረደ በኋላም ችግሩ ስለ ባሰ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ከእንጦጦና ከየካ ጫካ ማገዶውን በጀርባቸው እያወረዱ ከተማውን ያበሰሉለት ሴቶች ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋርም እህል የሚፈጩና እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ተጉዘዋል። ከድሉ በፊት በነበሩት ቀናት የሠራዊቱ ስንቅ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር፤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ጀግንነቱ ብቻውን ምን ባደረገ?

ይህን ማለታችን ጀግናን ለማቃለል አይደለም። ጦርነት በአገራችን ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፉከራውን ብቻ የተማረ ትውልድ ለጦርነት ይቸኩላል፤ የእህሉን ዋጋ የተማረ ግን ቆም ብሎ ያስባል። ስለዚህ መምህሮቻችን «ማን አሸነፈ?» ብለው በሚጠይቁን ፈተና ላይ «ማን አረሰ? ማንስ ፈጨ?» የሚለውን እንዲጨምሩልን እንጠይቃለን። መልሱን ካጣነው የወደቅነው በታሪክ ትምህርት ብቻ አይደለም።